ሳይነበብ አይጫንም

ኮምፒውተር አላውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ትሕትና ለማሳየት አይደለም፤ ትሕትና እንደሌለኝ ሽንፋ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። የምናገረው ከዚህ በታች በማወራው ነገር ውስጥ የተዛባ ካለ ኮምፒውተሩን ትታችሁ እኔን እንድትወቅሱ ነው። በማላውቀው ነገር ፊት ተቀምጬ "ሳይነበብ አይጫንም" ያልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ስድስት ሰው በሰኔ ደመና ሥር እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከትራክተር ነው። ማኅበራችን አንድ ትራክተር አለው፤ አባላቱ ከእኔ ጋር ሠላሳ ሰባት ነን። የደጋ ሰው "ታዲያ ተራ ይዛችሁ ማሳረስ ነው" ይል ይሆናል። የእኛ መሬት ግን ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ የሰው እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ የረገጠውን ይዞ አይለቅም። ቀድሞ የታረሰለት ሰው ሰሊጡን በጊዜው ይዘራል። ተራው ወደ መጨረሻ የሆነበት ሰው ግን ትራክተሩ ገና ማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ጎማው ይሰምጥበታል፤ ሾፌሩም ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የሚበቅለው አረም ነው። እኛ ዘንድ የተራ ጥያቄ እንግዲህ የሰሊጥ ወይም የአረም ጥያቄ ነው።

እኔ ካቻምና ሠላሳ አራተኛ ወጣሁ። አምና ሠላሳ ሰባተኛ። ከሠላሳ ሰባት ሰው ሠላሳ ሰባተኛ መውጣት ራሱን የቻለ ዕድል ነው፤ ሰው ፈልጎ አያገኘውም። ሁለት ክረምት ሙሉ አረማችንን ስናይ ከረምን። አብራኝ የምትኖረው ልጄ ጥሩወርቅ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። በጥቅምት የሰው ሰሊጥ ስታጭድ ውላ መጣችና እንዲህ አለችኝ፦

"እማ፣ በሚመጣው ክረምትም አረም ከሆነ መሬቱን ለባለሀብቱ እንስጠው።"

ባለሀብቱ ከጎንደር የመጣ፣ ከማሳችን አጠገብ ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ነው። የብዙ ዓመት የኮንትራት ወረቀት አዘጋጅቶ ሰጥቷታል። የመሬቱ ደብተር በሁለታችን ስም ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ አይሆንም። ልጄ ክፉ ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው። የደከመውን ሰው ደግሞ እስከ መቼ እምቢ ይሉታል?

"አንድ ክረምት ታገሺኝ" አልኳት። "ካልታረሰልን እፈርማለሁ።"

ቃሌን ሰጠሁ። የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም፤ ከመጥፎ ጠባዮቼ አንዱ ይህ ነው።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተራው ዕጣ የሚወጣው በአያ ሞገስ ባርኔጣ ነበር። አያ ሞገስ የትራክተር ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ከወገራ ወደ ቆላ የወረድነው በአንድ ዘመን ነው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የሸሚዝ አዝራር፣ አንዱ የማሽላ አገዳ ስባሪ፣ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ባርኔጣው ውስጥ ይጥላል። ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ መንገደኛ ይጠራና አንድ በአንድ ያወጣል። ሁለት ዓመት በተከታታይ መጀመሪያ የወጣው የአያ ሞገስ ቁልፍ ነበር።

በግንቦቱ ጉባኤ ላይ ተነሥቼ፣ "አያ ሞገስ፣ ባርኔጣዎ ሳያውቅዎ አልቀረም" አልኳቸው።

"እትዬ፣ ባርኔጣዬ የሚያውቀው ራሰ በራነቴን ብቻ ነው" አሉ።

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። እኔም አየሁት፤ አይቼም ተቀመጥኩ።

ያኔ መምህርት ብርቱካን እጇን አወጣች። ብርቱካን በከተማችን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታስተምር ወጣት ናት፤ የታመሙ አባቷን ወክላ ነው የምትሰበሰበው። ማኅበሩ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ሲሄድ ትቶልን የሄደ። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። ብርቱካን እንደምትለው ሌላው ሰው የሚጠቀምበት ዓይነት አይደለም፤ ሊኑክስ በሚባል ነገር ነው የሚሠራ።

"ዕጣውን ኮምፒውተሩ ያውጣው። እሱ ዘመድም ጎረቤትም የለው" አለች።

"ሠሪውስ?" አልኳት።

"ምን አሉኝ እማማ?"

"ዕጣ አውጪውን የሠራው ሰው ዘመድ የለውም ወይ ነው የምልሽ።"

እሷም አስረዳችን። ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተሠርቶ፣ ታሽጎ ይመጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይታይም። ሌላው ከነምንጩ ይመጣል፤ ሠሪው በእጁ የጻፈው ሁሉ ግልጽ ነው፤ የፈለገ ሰው ያነበዋል። ግን በራስህ ማሽን ላይ ራስህ ትገነባዋለህ።

"የታሸገው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ከምንጩ ከሆነ ትንሽ ይቆያል" አለች።

"ትንሽ ስንት ነው?"

"ግማሽ ቀን።"

ይህን ግማሽ ቀን አደራ እንዳትረሱት። እኔ ዘር ስገዛ አፉ የታሰረ ጆንያ አልቀበልም፤ ፈትቼ እጄን እስከ ታች ድረስ ከትቼ ነው የምገዛው። ስለዚህ ከምንጩ ይሁን አልኩ። አያ ሞገስ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤው ላይም "ፕሮግራሙ ከምንጩ፣ በአባላት ፊት፣ ተነቦ እንዲጫን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ተብሎ ተጻፈ። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ዕጣው ወጥቶ ትራክተሩ ይነሣል ተባለ። ጊዜው ገና ሰፊ ነበር።

ብርቱካን ፕሮግራሙን ከጎንደር በፍላሽ ይዛ መጣች። ተጠቅልሎ የመጣውን ስትፈታው የፋይሎቹ ስም የኮምፒውተሩን መስኮት ሞላው። አንዱን ስሙን አይታ አለፈችው።

"ያ ምን ይላል?"

"አንብበኝ ነው የሚለው።"

"ታዲያ?"

"እማማ፣ እሱን ማንም አያነበውም። ቶሎ ወደ ሥራው ነው የሚገባ።"

"አንብበኝ እያለ የሚለምንሽን ትተሽ ስታልፊ አንጀትሽ አይላወስም?"

ከፈተችው፤ እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልን። ሠሪው ይጠቅማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ዋስትና ግን አልሰጥም ይላል። መጋዘኑ ተንጫጫ። አያ ሞገስ፣ "ዋስትና የማይሰጥ ሰው ደግሞ ምን ብሎ የሰው ዕጣ ያወጣል?" አሉ። እኔ ግን ሰውዬውን ወደድኩት። በሕይወቴ ዋስትና የሰጡኝን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኳቸው፤ የማይነቅዝ ዘር የሸጠልኝን፣ የማይበላሽ ወፍጮ የተከለልኝን፣ ነፍሱን ይማረውና የማይሰክር ባሌንም ጭምር። ገና ከበሩ "እኔ ዋስ አልሆንም" ያለኝ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ተናግሬ ተቀመጥኩ፤ ንባቡ ቀጠለ።

ከዚያ ምንጩ ራሱ ተነበበ። ሁለት ከሰዓት ፈጀ። ብርቱካን እያንዳንዱን መስመር ምን ማለት እንደሆነ ትነግረናለች፤ ስሞቹን ተቀበል ይላል፤ በዚህ በዚህ ስሌት አደባልቃቸው ይላል፤ የማደባለቂያው ስሌት መነሻ ቁጥሩ አንድ ይሁን ይላል። ከአንድ መነሣት ምን ክፋት አለው? ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ግማሹ ሰው የነቀነቀው እንቅልፍ ወስዶት ነው፤ እኔ ግን ነቅቼ ነው የነቀነቅኩት፤ ይህን ኋላ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ግንባታ ነው። ከግንባታው በፊት ማሽኑ የሚያስፈልገው ሁሉ እንዳለው ራሱን ይፈትሻል። ብርቱካን አንድ ትእዛዝ ስትጽፍ ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። በመተማ መንገድ ኬላ ላይ የቆመ ፈታሽ ይመስላል፤ ይህ አለ? አለ። ያ አለ? አለ። በእያንዳንዱ "አለ" ላይ ሰው "እሰይ" ይላል። አያ ሞገስ እያንዳንዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ ብለው፣ ብርቱካን አራት መቶ መስመር ነው ስትላቸው ነው የተውት። ከዚያ አንድ "የለም" መጣና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

"ምንድን ነው የሌለው?"

"ኮምፓይለሩ። አስተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ያነበብነው ጽሑፍ ለሰው ነው የሚገባ፤ ለማሽኑ በራሱ ቋንቋ የሚመልስለት ያስፈልጋል።"

እኔ ድንበር ላይ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ አስተርጓሚ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገና አረብኛ ሳልለምድ ገላባት ገበያ ከአንድ ሱዳናዊ ፍየል ስገዛ መካከላችን የቆመው ሰው "ወላድ ናት ይልሻል" አለኝ። ዓመት ጠበቅኳት። በዓመቱ ባለ ፍየሉን አግኝቼ በሰባራ አረብኛዬ ብወቅሰው፣ "አርጅታለች፣ ለሥጋ ውሰጃት አላልኩሽም ወይ" አለኝ። እሱ አልዋሸም፤ እኔም የሰማሁትን ነው ያመንኩት። የበላኝ መካከላችን የቆመው ነው።

"አስተርጓሚውንስ ማን አነበበው?" አልኳት።

"እሱም ምንጭ አለው፤ ይነበባል።"

"እሱን ወደ ማሽን ቋንቋ የመለሰው ማነው?"

"ሌላ ኮምፓይለር።"

"እሱንስ?"

ብርቱካን መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። "እማማ፣ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም" አለች። "አንድ ቦታ ላይ ግን ማመን ይኖርብናል።"

"የት ቦታ ላይ?"

"እሱን እንግዲህ እርስዎ ይምረጡ።"

ይህች ልጅ የመለሰችልኝ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ጥያቄውን አቁሞ ማመን ይጀምራል። ልዩነቱ ቦታውን መርጦ ማቆሙ ወይም ደክሞት ማቆሙ ላይ ነው። እኔ እዚያ ላይ አቆምኩ፤ መርጬ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሙቀቱ ግን አርባን ሳያልፍ አልቀረም፤ ስለዚህ አልምልም።

አስተርጓሚው ከጎንደር እንዲመጣ ማኅበሩ ደብዳቤ ጻፈ። ኮምፒውተር ለሚሸጥ ሱቅ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የጻፈ ማኅበር ከእኛ በፊት ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ማኅተሙ ያለው ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ሳንጃ ከተማ ሠርግ ሄደዋል። ሠርጉ እስኪያልቅ ጠበቅን። ብርቱካን በአውቶቡስ ሄዳ ይዛ መጣች። ፍተሻው እንደገና ተጀመረ፤ አለ፣ አለ፣ አለ፣ ከዚያ የለም። አሁን የጎደለው ስሞቹን መስኮት ላይ አሳምሮ የሚያሳይ አጋዥ ፋይል ነው። ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ አውቶቡስ። አጋዡ ሲመጣ ለራሱ ሌላ አጋዥ ይፈልጋል። ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ አውቶቡስ። ሦስተኛው ሲመጣ "ይህ አዲሱ ነው፤ እኔ የምፈልገው አሮጌውን ነው" አለ። አሮጌውን የሚፈልግ ነገር ማየቴ ደስ ቢለኝም ቀኑ እየሄደ ነበር። ለትራክተሩ ናፍጣ ለማውጣት ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ማኅተም፣ ለማኅተሙ ሊቀ መንበር እንደሚያስፈልገው ሁሉ ኮምፒውተሩም የእኛው አገር ሰው ሆኗል አልኩ በልቤ።

ግማሽ ቀኑ አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። በሱዳን በኩል ደመናው መጥቆር ጀመረ። ሰው እኔን ሲያይ ሰላምታውን እያሳጠረ ሄደ። ልጄ አንድ ማለዳ ልብስ እያጠበች፣ "እማ፣ የባለሀብቱ ትራክተር አጠገባችን ያለውን አርሶ ጨረሰ" አለች። ወረቀቱ ያለው ሣጥኗ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑን ሳልከፍተው አየሁት።

በመጨረሻ ፍተሻው ያለ "የለም" አለቀና ግንባታው ተጀመረ። መብራት ስለሌለ ጄኔሬተር ተነሣ፤ ናፍጣው የተቀዳው ከትራክተሩ በርሜል ነው፤ በዚህም ተጨቃጨቅን። መጋዘኑ እንደ ምድጃ ስለጋለ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ራሱን አጠፋ። ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነውና ሁለት ጎልማሶች በሰፌድ ያራግቡት ጀመር፤ ሰሊጥ እንደሚያዘሩ ሁሉ። ጽሑፉ ይወርዳል፤ በየመካከሉ "ማስጠንቀቂያ" የሚል ይመጣል።

"አቁሚው፣ እያስጠነቀቀሽ ነው" አልኳት ብርቱካንን።

"ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም፣ እማማ።"

"ቀበሌም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚል።"

አለቀ። እልል ሊባል ሲል የመጨረሻው እርምጃ፣ ተከላው፣ "ፈቃድ የለህም" ብሎ መለሰን። ለካ ማሽኑ አንድ ጌታ አለው፤ የጌታውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ብቻ ነው የሚተክል። የሚያውቀው የቀድሞው ጸሐፊያችን ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ ለቆ አብደራፊ እርሻ ላይ ተቀጥሯል። አያ ሞገስ ስልክ ደወሉለት፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወሩበት፤ የይለፍ ቃሉን ከኒሙ ሥር ያለነው ሁሉ ሰማነው፤ ሁለቱ አራጋቢዎችም፤ በመንገድ የምታልፍ አህያ ነጂም።

ስለዚህ መቀየር አለበት አልኩ። ሁሉን ማድረግ የሚችል ቃል ደግሞ አንድ ሰው ዘንድ አይቀመጥም፤ ግማሹን አያ ሞገስ፣ ግማሹን እኔ እንያዝ። ተስማሙ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ መሠረተ ትምህርት የተማርኩት በአማርኛ ነው፤ የማሽኑ ፊደል የፈረንጅ ነው። ግማሼን በመልክ ያዝኩት፤ አንዱ በርጩማ የሚመስለው፣ አንዱ እባቡ፣ አንዱ የተጠላለፈ ዱላ፣ አንዱ ቀለበት። ነጠላዬን እላዬ ላይ ጣል አድርጌ ተጫንኳቸው። መስኮቱ ላይ ግን ምንም አይታይም። አልተጫነም ብዬ ደገምኩት። አሁንም የለም። አጥብቄ ደገምኩት።

"እማማ፣ የይለፍ ቃል ሲጻፍ አይታይም" አለች ብርቱካን።

"ይህን አስቀድመሽ አትናገሪም?"

"አንብበኝ ውስጥ አልነበረማ።"

አያ ሞገስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ተራቸው ሲደርስ እሳቸውም ባርኔጣቸውን በማሽኑ መጻፊያ ቁልፎች ላይ ደፍተው ሦስት ጊዜ ደገሙት። በአምስተኛው ሙከራ ተተከለ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሙከራ ተደረገ። ሰው ሁሉ ተሰላችቶ ሄዷል፤ የቀረነው ሦስት ነን። ብርቱካን የአባላቱን ስም አስገብታ አንዲት ቁልፍ ነካች፤ አምስቱን አነበበች። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። "ለሙከራ ነው እንጂ እውነተኛው ነገ በጉባኤ ነው" አለች። አያ ሞገስ "ይሠራል፤ በቃ" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብርቱካን ወደ ጄኔሬተሩ ሄዳ ገመድ ስትጠቀልል እኔ ብቻዬን ከማሽኑ ፊት ቀረሁ። ስሜ በፈረንጅ ፊደል ምን እንደሚመስል በሁለት ሳምንት ለምጃለሁ። ያቺን ቁልፍ ነካኋት። አምስተኛ። ደስ አለኝ፤ ደግሜ ነካኋት። አምስተኛ። ሦስተኛ ጊዜ ነካኋት። አምስተኛ፤ በላዬ ያሉት አራቱም እነዚያው ናቸው።

ደስታዬ እዚያው ላይ ቀዘቀዘ። ባርኔጣ ቢሆን አራት ጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል አያወጣም። ይህ ማሽን ዕጣ እያወጣ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የወሰነውን እየደጋገመ ነው። ነገም ይህንኑ ይላል። ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ደኅና ዋይ" አልኳትና ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ከመጋዘኑ እስከ ቤቴ ግማሽ ሰዓት ነው። ያን መንገድ ስሄድ ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፍ የነፍስ አባቴ ያፍሩብኛል። ሁለት ዓመት በድለውኛል አልኩ። አልሰረቅኩም፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም አልኩ። የተነበበው በሁሉም ፊት ነው፣ የተኙት ይጠየቁ አልኩ። አምስተኛ ማለት ማሳዬ ሙሉ ለሙሉ ሰሊጥ ነው፤ ወረቀቱ ከሣጥን አይወጣም። የወንዙ መሻገሪያ ድረስ እንዲህ እያልኩ ሄድኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። የመለሰኝ ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። ጆንያው ይፈታ ብዬ አገር ያስጨነቅኩት እኔ፣ እጄን ከትቼ ከታች ያገኘሁት ጠጠር የራሴን ስም የያዘ ስለሆነ ብቻ አፉን መልሼ ልሰረው? ተናድጄ ተመለስኩ።

"ብርቱካን፣ ፕሮግራምሽ ዕጣ አያወጣም።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ሦስት ጊዜ ነካሁት። ከአንቺ ጋር አራት ጊዜ አምስተኛ ነኝ።"

ትክ ብላ አየችኝ። "ይህን ባይነግሩኝ እኮ…"

"አውቃለሁ። ሐሳቤን ሳልቀይር ክፈቺው።"

ምንጩን ከፈተችው። ስትፈልግ ቆይታ በእጇ ግንባሯን መታች። መነሻ ቁጥሩ አንድ ይሁን የሚለው መስመር ነው። ማሽን ከአንድ ዓይነት ቁጥር ከተነሣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ ይደርሳል። በሠላሳ ሰባት ሰው ፊት ተነቦ፣ ሠላሳ ሰባት ራስ የተነቀነቀለት መስመር። ማንበብና ማየት አንድ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ግን ምንጩ ባይኖረን ኖሮ የምንቀይረው መስመርም አይኖረንም ነበር፤ ይህን ለራሴ ማስተባበያ አድርጌ ይዤዋለሁ።

መነሻው ከየት ይምጣ? እንደ ባርኔጣው ሥርዓት እያንዳንዱ የራሱን ይጣል አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ጉባኤው ሲሰበሰብ ብርቱካን የሆነውን ሁሉ፣ የእኔን አምስተኛነትም ጨምራ ተናገረች። እንዳትናገር ነግሬያት ነበር። ከሴቶቹ መካከል ጥሩወርቅ ተቀምጣለች፤ ፊቷን አላየሁም፤ ላለማየት ሌላ ቦታ ነበር የማየው። ሁሉም ደስ ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ አጠፈው፤ የሌላውን ሰምቶ የሚያሰላ እንዳይኖር ሁሉም በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ምንም እንኳ እኛ ውስጥ ያን የሚያሰላ ሰው ባይኖርም። ድምሩ መነሻ ሆነ። መስመሩ ተቀይሮ እንደገና ተገነባ፤ እኔና አያ ሞገስ ግማሽ ግማሻችንን ጻፍን። ብርቱካን ያቺን ቁልፍ ነካች።

"አንደኛ፣ አቶ ሞገስ።"

ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። አያ ሞገስ እንደተከሰሰ ሰው፣ "እትዬ፣ ቁጥሬን የጻፍኩት እኮ እርስዎው አጠገብ ተቀምጬ ነው" አሉ። ብርቱካን ማንበቧን ቀጠለች። አሥር አለፈ፣ ሃያ አለፈ። እኔ ሃያ ዘጠነኛ ነኝ።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ላይ እጄን አሳርፌ ነው የተነሣሁት። "አያ ሞገስ፣ በሰው ፊት ባርኔጣዎን አምቻለሁ። በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ለባርኔጣው ነው ለእኔ?"

"ለሁለታችሁም።"

"እሱ ይቅር ብሏል። እኔ ትንሽ ቀን ይስጡኝ" አሉና ተቀመጡ። ቆየት ብለው ፈገግ አሉ።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ አንድ ነገር ሲገባኝ ቆሜ ነው የሚገባኝ። ዕጣ ትዝታ የለውም። ባርኔጣም ይሁን ማሽን፣ አምና ማን እንደተጎዳ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማን ያውጣው ብዬ ስሟገት፣ በየዓመቱ ለምን ይወጣል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። "ከዚህ በኋላ ዕጣ አያስፈልገንም" አልኩ። "የዘንድሮው ዝርዝር በሚመጣው ዓመት ከታች ወደ ላይ ይነበብ። ከዚያ ወዲያ እየተገላበጠ ይሂድ።" ይህ ለአያ ሞገስ የመጨረሻ ቦታ ማለት ነው። የመጀመሪያውን እጅ ያወጡት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሌላውም ተከተለና ጸደቀ። ብርቱካን ማሽኑን እንደ ሞተ ሰው አየችው፤ ያ ሁሉ አውቶቡስ ለአንድ ቀን ሥራ ሆነ።

አንዱ ከኋላ፣ "እማማ፣ ታዲያ ለምን ከዘንድሮ አንጀምርም? አምና መጨረሻ ስለነበሩ አንደኛ ይሆናሉ" አለ።

"ዕጣው ከወጣ በኋላ ሕግ አይቀየርም" አልኩ። ምላሴን እዚያው ነክሼ ልጥለው ቃጣኝ።

ትራክተሩ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ተነሣ። ዝናቡ አንድ ጊዜ ወርዶ ለጥቂት ቀናት ታገሠ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረ። እኔ ማሳ የደረሰው በሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ከዳር ተነሥቶ እስከ መካከል አረሰ። መካከል ላይ የኋላ ጎማው ገባ። የማሽላ አገዳ አንጥፈን፣ ገፍተን፣ ጭቃ ጠጥተን ከረፋድ እስከ ቀትር ታግለን አወጣነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "እማማ፣ እስከ ነገ ይጠነክር ይሆናል። ልጠብቅ?" አለኝ።

"ከእኔ በኋላ ስንት ሰው አለ?"

"ስምንት።"

"ሂድ።"

ሄደ። ጥሩወርቅ ማሳው ዳር ቆማለች። ያን የጉባኤ ቀን ካሳለፍን ወዲህ ከሥራ በቀር አልተነጋገርንም ነበር።

"አምስተኛ ነበርሽ" አለችኝ።

"ነበርኩ።"

"ሙሉው ይታረስ ነበር።"

"ይታረስ ነበር።"

የታረሰውን ግማሽ አየች፤ ያልታረሰውንም አየች። እኔም አብሬያት አየሁ። በሕይወቴ ሙሉ ፍርድ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ሌላው ሰው ሁልጊዜ ያዛባዋል ብዬ ነው።

"ካልታረሰልን እፈርማለሁ ነበር ያልኩሽ" አልኳት። "ግማሽ ስለታረሰ መሬት ቃሌ ውስጥ ምንም የለም። አንቺ ፍረጂው።"

ከሱዳን በኩል የሚመጣው ነፋስ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ የዘሩን ከረጢት ከእጄ ተቀበለችኝና ወደ ታረሰው ገባች።